ማግኒዚየም ለደም ቅባትና ለደም ሥር፦ ለክትትል ሰዎች ምን እንበላቸው?

ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ላላቸው ሰዎች የምግብ ትምህርት እያሰናዳን ነው። በየጊዜው የሚነሳው ጥያቄ የማግኒዚየም ነው። «ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ የደም ሥር ይከፍታል» ተብሎ እንክብሉ ይገዛል፤ የታዘዘለትን ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚያወርደውን መድኃኒት) ትቶ እሱን ብቻ የሚውጥም አለ። ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሚቀርበው ምግብ ምን ያህል እንደሚገኝ ግን የሚጠይቅ የለም።

ለመነጋገሪያ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ልስጥ (ለትምህርቱ የተዘጋጀ ነው፣ የማንም ሰው ውጤት አይደለም)። የ52 ዓመት ሴት፣ ግፊት 148 በ92፣ አጠቃላይ ኮሌስትሮል 238፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) 260፣ ኤችዲኤል («ጥሩ» የሚባለው ኮሌስትሮል) 36፣ ኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው) 150 ሚሊግራም በዴሲሊትር። ለግፊቷ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም በየቀኑ ትወስዳለች፤ ለጨጓራ ደግሞ ኦሜፕራዞል ከዓመት በላይ ሳታቋርጥ ወስዳለች።

ማግኒዚየም የዚህችን ሴት የደም ቅባት ያወርዳል? የሚያወርድ ከሆነስ በስንት? ለደም ሥሯ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? በደም ምርመራ ማየቱ ይጠቅማል? ከእኛ ምግብ የትኛው ስንት ይዟል፣ አበሳሰሉስ ስንቱን ያጠፋዋል? የሚያውቅ በቁጥር ቢያስረዳን፣ በወረቀት አባዝተን የምንሰጠው ስለሆነ ስህተት እንዳይኖረው እንፈልጋለን።

ሉሲ ሜዳ

በባዮኬሚስትሪ በኩል መሠረት ያለው ነገር ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ዋና ኤንዛይም፣ ማለትም ስታቲን የሚይዘውን ያንኑ ኤንዛይም፣ ሰውነት የሚያጠፋው ፎስፌት በመለጠፍ ነው። ፎስፌቱን የሚሰጠው ኤቲፒ (የሴል ኃይል ተሸካሚው) ደግሞ ከማግኒዚየም ጋር ካልተጣመረ አይሠራም። ትራይግሊሰራይድን ከደም ውስጥ የሚያጸዳው ሊፖፕሮቲን ላይፔዝም፣ ኮሌስትሮልን ኤችዲኤል ላይ የሚጭነው ኤንዛይምም ማግኒዚየም ሲጎድል እንደሚዳከሙ ተጽፏል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ማግኒዚየምን «የተፈጥሮ ስታቲን» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ስለዚህ ሰዎቹ የሚሉት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም።

የአዳማ ፋርማሲስት

ሉሲ ሜዳ፣ የጠቀስከው የኬሚስትሪ መንገድ ልክ ነው። ድምዳሜው ግን ሰው ስታቲኑን እንዲጥል ስለሚያደርግ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን።

ነገሩ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ሴል ውስጥ ያለው ማግኒዚየም በጥብቅ የሚጠበቅ ነው። ጉድለት ያለበት ሰው ሲሞላለት ኤንዛይሞቹ ወደ ወትሮ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጉድለት የሌለበት ሰው ተጨማሪ ቢውጥ ግን ኤንዛይሙ ከልክ በላይ አይጠፋም፤ ትርፉን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ስታቲን እንደዚያ አይደለም፤ ኤንዛይሙን ራሱን ይዘጋል፣ ጉበትም የጎደለበትን ኮሌስትሮል ከደም ለመሳብ የኤልዲኤል መቀበያዎቹን ያበዛል። አቶርቫስታቲን በ10 ወይም በ20 ሚሊግራም ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 49 በመቶ ያወርዳል። የምሳሌዋ ሴት 150 ወደ 105 ወይም ከዚያ በታች፣ እስከ 77 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። የማግኒዚየም እንክብል ሙከራዎች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ግን በኤልዲኤል ላይ የሚታየው ለውጥ ወይ የለም፣ ወይ ለሕክምና ውሳኔ የማይበቃ ትንሽ ነው። ትራይግሊሰራይዳቸው ከመነሻው ከፍ ባለ ሰዎችና በስኳር ሕሙማን ላይ መጠነኛ መውረድ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ከጥናት ጥናት ግን ስለሚለያይ ወረቀታችሁ ላይ ቁጥር አትጻፉለት።

የደም ሥር ነገር የተለየ ነው፤ ማግኒዚየም በርግጥ የሚናገርበት ቦታ ይህ ነው። በደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ያለው ለስላሳ ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ሴሉ ሲገባ ነው። ማግኒዚየም በዚያው በር ላይ ከካልሲየም ጋር ይፎካከራል፤ ስለዚህ የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን የሚሠራውን ሥራ በጣም በለዘበ መልኩ ይሠራል። የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ አመንጭቶ ሥሩን እንዲያላላም ያግዛል። በሦስተኛ ደረጃ ካልሲየምና ፎስፌት ተያይዘው በግድግዳው ላይ እንደ ድንጋይ እንዳይጠነክሩ ክሪስታሉ ሲሠራ ያደናቅፋል።

ይህ ሁሉ በሰው ላይ ሲለካ እንዲህ ሆኖ ይገኛል። በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመ፣ 34 ሙከራዎችንና ወደ 2,000 ሰዎችን የደመረ ትንተና፣ በአማካይ በቀን 368 ሚሊግራም ለሦስት ወር የወሰዱት ላይ የላይኛው ግፊት በ2 ሚሊሜትር፣ የታችኛው በ1.8 ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ጨው መቀነስ ከዚህ የበለጠ ያወርዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥር 2022 እንክብሎቹ ላይ ስለ ደም ግፊት እንዲጻፍ ሲፈቅድ እንኳ «ማስረጃው እርስ በርሱ የማይጣጣምና መደምደሚያ የማይሰጥ ነው» የሚለው አብሮ እንዲጻፍ ነው። ስለ ኮሌስትሮል የተፈቀደ ቃል የለም።

የልብ ደም ቅዳ በሽታ ባለባቸው 50 ሰዎች ላይ በ2000 የታተመ ሙከራ፣ ከስድስት ወር በኋላ የክንድ ደም ቅዳ የመለጠጥ አቅም መሻሻሉን አሳይቷል። በ2016 ደግሞ ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ለ24 ሳምንት በቀን 350 ሚሊግራም ወስደው የደም ሥራቸው ግትርነት ቀንሷል። ነገር ግን በ2022 በ164 ሰዎች ላይ፣ በሦስት ዓይነት የማግኒዚየም ጨው፣ በቀን 450 ሚሊግራም ተሰጥቶ ለ24 ሳምንት ሲሞከር ያ ውጤት አልተደገመም። የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ማስተማር ሰዎችን ያሳስታል።

በካልሲየም መጠንከር ላይም እንደዚሁ ነው። በፍራሚንግሃም ጥናት (አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት በተከታተለው የልብ ጥናት) ከምግብ ብዙ ማግኒዚየም የሚያገኙት የልብ ደም ቅዳቸው ላይ ያለው ካልሲየም ያነሰ ነበር። የኩላሊት ሕሙማን ላይ እንክብል ለአንድ ዓመት ተሰጥቶ በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ግን የካልሲየሙን መጨመር አላዘገየውም። ስትሮክ ላይ በ2012 የታተመ የክትትል ጥናቶች ድምር፣ በቀን በምግብ 100 ሚሊግራም በጨመረ ቁጥር የስትሮክ ዕድል 8 በመቶ ገደማ አንሶ መታየቱን ይናገራል።

ከእነዚህ ውስጥ ለእኔ ጎልቶ የሚታየው አንድ ነገር ነው። ከምግብ የሚመጣው ሲለካ ጥሩ ምልክት ይታያል፤ እንክብሉ ብቻውን ሲሞከር ምልክቱ ይደበዝዛል። ምክንያቱም ማግኒዚየም የያዘ ምግብ ብቻውን አይመጣም፤ ፋይበር፣ ፖታሲየምና ያልረጋ ቅባት ይዞ ይመጣል፣ ፉርኖ ዱቄትንና ስኳርን ደግሞ ከሌማቱ ላይ ይገፋል። የምሳሌዋ ሴት ትራይግሊሰራይድ 260ን የሚያወርደው በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

የምሳሌዋ ሴት ላይ ግን ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። የምትወስዳቸው ሁለቱም መድኃኒቶች ማግኒዚየም ያጎድላሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሽንት ያፈሰዋል፤ ኦሜፕራዞል በአንጀት እንዳይገባ ያደርጋል። ስለ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ በመጋቢት 2011 ማስጠንቀቂያ የወጣው በተለይ ከዓመት በላይ ለሚወስዱ ነው። ስኳር ካለባት ደግሞ በሽንት የሚወጣው ግሉኮስ ማግኒዚየሙን ይዞት ይሄዳል። እሷ መመርመር አለባት። ፖታሲየሟም አብሮ መታየት አለበት፤ ማግኒዚየም ጎድሎ ሳለ ኩላሊት ፖታሲየምን መያዝ ስለማይችል ፖታሲየም ብቻ ቢሰጣት አይነሳም። ኦሜፕራዞሉ አሁንም ያስፈልጋት እንደሆነም ሐኪሟ ይይ። ብዙ ሰው ለስምንት ሳምንት የታዘዘለትን ለዓመታት ነው የሚቀጥለው።

ቀይ ክዳን

ከላቦራቶሪ በኩል ልጨምር፤ ምርመራው ሲታዘዝ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ናሙናው ላይ ነው።

የአዋቂ ሰው አካል ወደ 25 ግራም ማግኒዚየም ይይዛል። ግማሹና ከዚያ በላይ አጥንት ውስጥ፣ የቀረው ጡንቻና ሌሎች ሴሎች ውስጥ ነው። ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ከአንድ በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ሴረሙ ዝቅ ካለ ጉድለት አለ፤ ሴረሙ ደህና ቢሆን ግን ጉድለት የለም ማለት አይቻልም። የተለመደው ክልል ከ0.75 እስከ 0.95 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ በሚሊግራም በዴሲሊትር ከ1.8 እስከ 2.3 ገደማ። በሚሊግራም የመጣላችሁን በ0.411 አባዙት፣ ሚሊሞል ይሆናል። ውጤት ስታወዳድሩ አሃዱን ሳታዩ አትለፉ፤ «1.9» እና «0.78» አንድ ዓይነት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

ደሙ በቀይ ክዳን ወይም በሊቲየም ሄፓሪን ቱቦ ይቀዳ። ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቱቦና ሰማያዊው የሲትሬት ቱቦ ማግኒዚየሙን አስረው ስለሚይዙት ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ይላል። ሲቀዳ ከሐምራዊው ቀድሞ ቀዩ ይሞላ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ደም ማጋባት ፈጽሞ አይደረግ። በሌላ በኩል ቀይ ሴል ውስጥ ያለው ከፕላዝማው በሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ ደሙ ከተሰባበረ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ሴረሙ ቀላ ብሎ ከታየ ድጋሚ መቅዳት ነው እንጂ ቁጥሩን ጽፎ ማውጣት አይገባም። አልቡሚን (ዋናው የደም ፕሮቲን) ዝቅ ያለበት ሰውም ጠቅላላ ማግኒዚየሙ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ከሴረሙ ማግኒዚየም ሲሶው ያህል ከፕሮቲን ጋር የታሰረ ነው።

የቅባቱን ምርመራ በተመለከተ፣ ኤልዲኤል ብዙ ቦታ በቀጥታ አይለካም፣ ይሰላል። ከአጠቃላዩ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ መቀነስ ነው። በምሳሌዋ 238 ሲቀነስ 36 ሲቀነስ 52፣ እኩል ይሆናል 150፤ ልክ ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት አይሠራም። ለትራይግሊሰራይድ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሳይበላ መምጣት ያስፈልጋል፤ ውሃ ይፈቀዳል፣ ስኳር ያለው ሻይና ቡና አይፈቀድም። ጠዋት አንድ ለስላሳ ጠጥቶ የመጣ ሰው ውጤት ከበፊቱ ጋር አይወዳደርም።

ጓዳና ሌማት (ሐዋሳ)

የምግቡን እኔ ልውሰድ።

በቀን የሚፈለገው ከ30 ዓመት በላይ ላለች ሴት 320፣ ለወንድ 420 ሚሊግራም ነው፤ እርጉዝ ሴት 350 እስከ 360። ከምንበላው ወደ ሰውነት የሚገባው ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው፤ ይህ ግን ከላይ ባሉት ቁጥሮች ውስጥ አስቀድሞ ታስቧልና ድጋሚ አትቀንሱ።

ብዙ ሰው የማይገምተው ትልቁ ምንጫችን ጤፍ ነው። 100 ግራም ደረቅ ጤፍ 184 ሚሊግራም ይዟል። 100 ግራም ፉርኖ ዱቄት 22 ብቻ፤ ገለባው ያልወጣለት የስንዴ ዱቄት ግን 137። ማግኒዚየሙ ያለው በብዛት በገለባውና በፅንሱ ስለሆነ ወፍጮ ቤት ሲፈተግ አብሮ ይሄዳል። የተቀቀለ ነጭ ሩዝ በ100 ግራም 12፣ ደረቅ ፓስታ 53 ገደማ።

ሁለት ቀን አወዳድሩ። አንደኛው ቀን፦ ከ200 ግራም ፉርኖ የተጋገረ ዳቦ 44፣ ከ80 ግራም ፓስታ 42፣ 200 ግራም የተቀቀለ ሩዝ 24፣ 150 ግራም ቆሮሶ አሳ 51። ድምሩ 161፤ ለሴት ከሚያስፈልገው ግማሽ። ሆድ የሚሞላ፣ በከተማ ውስጥ የተለመደ ምግብ ነው። ሁለተኛው ቀን፦ ከ150 ግራም ጤፍ የተጋገረ እንጀራ 276፣ ከ40 ግራም የሽምብራ ሽሮ 66፣ 100 ግራም የበሰለ ቆስጣ 86፣ ግማሽ አቮካዶ 29። ድምሩ 457። ሁለተኛው ቀን አንድም እንክብል የለበትም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የመጀመሪያው ጥያቄ «እንጀራው ከምንድን ነው?» መሆን አለበት። ንጹህ ጤፍ፣ ከሩዝ ጋር የተቀላቀለ፣ ከበቆሎ ጋር የተቀላቀለ? ከሩዝ ጋር እኩል ለእኩል የተቀላቀለ እንጀራ ማግኒዚየሙ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ጤፍ በተወደደ ጊዜ ሰው የሚቀላቅለው ወዶ አይደለም፤ ለዚህ ሰው «ጤፍ ብላ» ማለት አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ማሽላ ወይም ያልተፈተገ ገብስ (133) ከሩዝ እንደሚሻል መንገርና የጎደለውን በጥራጥሬ መሙላት ነው።

ጥራጥሬ ከበሰለ በኋላ በ100 ግራም፦ ቦሎቄ 50 ገደማ፣ ሽምብራ 48፣ ባቄላ 43፣ ምስር 36። በዘሮቹ በኩል ተልባ 392፣ ሰሊጥ 351፣ ለውዝ 168። የዱባ ፍሬ ላይ ብዙ ጽሑፍ ይሳሳታል። «550 አለው» የሚባለው ቅርፊቱ ተፈልፍሎ ለወጣው ነው፤ ከነቅርፊቱ ተቆልቶ የሚሸጠው ከዚያ ግማሽ አይሞላም። አንድ እፍኝ ከነቅርፊቱ፣ 30 ግራም ያህል፣ ወደ 80 ሚሊግራም ይሰጣል። የተጨመረበትን ጨው ግን ለግፊት ሕመምተኛ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አበሳሰል ላይ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ቆስጣን ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውሃውን መድፋት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ማግኒዚየም በሙቀት አይጠፋም፣ በውሃ ግን ይወጣል። በትንሽ ውሃ ክዳን ከድኖ ማብሰል፣ ወይም የተቀቀለበትን ውሃ ለወጥ ማዋል ነው። ጥራጥሬ ሲዘፈዘፍ ውሃው መደፋቱ ግን ትክክል ነው፤ ትንሽ ማዕድን ቢወጣም ማዕድኑን አስሮ የሚይዘው ፋይቴትና ሆድ የሚነፋውም አብሮ ይወጣል። 12 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከተቻለም እንደ በቆልት ጥቂት እስኪያቆጠቁጥ መተው የበለጠ ይጠቅማል።

የእንጀራ ሊጥ መቡካቱ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እርሾው ሲሠራ ፋይቴቱን የሚሰብረው ኤንዛይም ይነቃል፣ ማዕድኑም ለአንጀት ይለቀቃል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ በአንድ ሌሊት ከተጣደፈው ይሻላል። አብሲት ከመጣሉ በፊት ከላይ የሚጠልለው ቢጫ ውሃ ከሚሟሟው ማዕድን የተወሰነውን ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ቡሃቃው ላይ ውሃ በጣም አብዝቶ ብዙ መድፋት አያስፈልግም።

ለምሳሌዋ ሴት በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር ቢባል ተልባን እመርጣለሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ 14 ግራም ያህል፣ 55 ሚሊግራም ማግኒዚየም ይሰጣል፤ የሚያሟልጨው ፋይበሩ ደግሞ በራሱ ኤልዲኤልን የሚቀንስ ነው። ለስለስ አድርጎ ቆልቶ መፍጨት፤ እንዲያር መተው ቅባቱን ያበላሸዋል። ሳይፈጭ ቢበላ እንደገባ ይወጣል። የሚፈጨው ለሳምንት የሚበቃ ብቻ ሆኖ በተከደነ ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ሽታው እንደ ቀለም ዘይት ከሆነ መጣል ነው። በብዙ ውሃ በጥብጦ፣ ያለ ስኳር። መድኃኒት ከእሱ ጋር አብሮ አይዋጥ፤ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር።

ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ነው የጠቀማችሁን። ሦስት ነገር ላክል። አንደኛ፣ እዚህ አካባቢ ዋናው ምግብ እንጀራ ያልሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ ቆጮና ቡላ፣ ጎመን፣ ቦሎቄ። ሁለተኛ፣ ከአሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ) አሳ ለልብ ጥሩ ነው ብለው የሚበሉ አሉ። ሦስተኛ፣ ለጨጓራ የሚታኘኩትና በጠርሙስ የሚሸጡት መድኃኒቶች ማግኒዚየም አላቸው ይባላል፤ እነሱ ይቆጠራሉ?

ጓዳና ሌማት (ሐዋሳ)

ቡላ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ የማግኒዚየም ምንጭ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ቆጮ ላይ ደግሞ ዓይናችሁ አብሮት በሚቀርበው ላይ ይሁን። ከቦሎቄና ከጎመን ጋር የሚበላ ቆጮና በንጥር ቅቤ ብቻ ታሽቶ የሚበላ ቆጮ ለደም ቅባት በፍጹም አንድ አይደሉም። ሁለት ጭልፋ የበሰለ ቦሎቄ፣ 200 ግራም ያህል፣ 100 ሚሊግራም ማግኒዚየምና ለኤልዲኤል የሚጠቅም ፋይበር ይሰጣል። ቅቤው ይቅር ማለት በብዙ ቤት አይሰማም፤ በሻይ ማንኪያ ለክቶ ማውጣት ግን ይቻላል።

ጎመን ማግኒዚየሙ ከቆስጣ ያንሳል፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ግን የተወሰነውን አስሮ ስለሚይዘው፣ ልዩነቱ ቁጥሩ የሚያሳየውን ያህል አይሰፋም። የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ሰው ቆስጣውን ትቶ ጎመኑን ይያዝ።

አሳው ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ማግኒዚየሙ ግን በ100 ግራም 34 ብቻ ነው፣ ቆሮሶ ደግሞ ኦሜጋ ሦስት የበዛበት አሳ አይደለም። ሙሉውን በተደጋጋሚ በፈላ ዘይት ጠብሶ፣ በነጭ ዳቦ መብላት የምሳሌዋን ሴት 260 አያወርደውም። ጉላሽ ወይም ሾርባ ሆኖ ከአትክልት ጋር ይበላ። ቤት የሚገባው ዘይት በክፍል ሙቀት የሚረጋ ከሆነ ፓልም ነው፤ ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚያወጣ ዓይነት ነው። ኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል፣ በመጠን።

አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ትራይግሊሰራይድ ከፍ ላለበት ሰው ይህንና አልኮልን ማቆም ከማንኛውም እንክብል ይቀድማል። ለለውጥ ጋዝ ያለው ነገር ካማረው የአምቦ ውሃ ይሁን፤ ጠርሙሱ ላይ ማግኒዚየሙ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ተጽፏል፣ ሶዲየሙንም አብራችሁ አንብቡ።

የአዳማ ፋርማሲስት

ይቆጠራሉ፤ ያውም ከሁሉ የሚረሱት እነሱ ናቸው። የሚታኘከው ማግኒዚየም ትራይሲሊኬትና በጠርሙስ ያለው ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ሁለቱም ማግኒዚየም ናቸው። በየቀኑ ለሚወስድ ሰው ሌላ እንክብል መደረብ የለበትም።

ከምግብ የሚመጣው ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ጣሪያ የለውም። ከእንክብልና ከመድኃኒት የሚመጣው ግን የአሜሪካው መመሪያ በቀን 350፣ የአውሮፓው 250 ሚሊግራም ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ በላይ መጀመሪያ የሚመጣው ተቅማጥ ነው። ተቅማጡ ራሱ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ያስወጣል፤ ለመሙላት የተጀመረው ያጎድላል ማለት ነው።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አስተምሩ። «ማግኒዚየም ኦክሳይድ 400» ማለት 400 ማግኒዚየም ማለት አይደለም። ከክብደቱ 60 በመቶው ብቻ፣ 240 ያህል፣ ማግኒዚየም ነው፤ እሱም በደንብ አይገባም። ሲትሬት ከክብደቱ 16 በመቶ ገደማ ነው፣ የተሻለ ይገባል። ሳጥኑ የጨውን ክብደት ይሁን የማግኒዚየሙን የሚናገረው ካልታወቀ ፋርማሲስቱ ይጠየቅ።

ኩላሊቱ ደም የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች የሆነ ሰው ያለ ሐኪም እንክብሉንም የጨጓራውንም አይንካ። መውጫ ስለሌለው ይከማቻል፤ ግፊት ይወርዳል፣ ጅማት ይዝላል፣ የልብ ምት ይዘገያል፣ በመጨረሻ አተነፋፈስ ይዳከማል። ስኳርና ግፊት ለዓመታት የቆየበት ሰው ኩላሊቱ ሳይታወቅ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራው) ሳይታይ «ማግኒዚየም ውሰድ» አይባልም።

ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጨውን በጉልህ ጻፉት። አንቲባዮቲኩ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከማግኒዚየሙ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ። ዶክሲሳይክሊንም እንዲሁ ይራቅ፤ አብረው ከተዋጡ ማግኒዚየሙ አንቲባዮቲኩን አንጀት ውስጥ አስሮ ይዞት ይወጣል፣ ኢንፌክሽኑም አይድንም። የታይሮይድ መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ከማግኒዚየሙ 4 ሰዓት ይራቅ። የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ደግሞ የጨጓራውን መድኃኒት ከመውሰዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም ከወሰደ 6 ሰዓት ቆይቶ ይዋጠው። ይኸኛው ቀላል አይደለም፤ በየቀኑ አብሮ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ ሊነሳበት ይችላል። የምትጠይቁትም ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው አድርጋችሁ ይሁን።

ለምሳሌዋ ሴት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። ማግኒዚየም፣ ፖታሲየምና ክሬያቲኒን በአንድ ጊዜ ይታዘዝላት። ስታቲኑን ሐኪሟ ካዘዘላት ሳታቋርጥ ትውሰድ። ምግቡ ጓዳና ሌማት እንዳለችው ይስተካከል። ማግኒዚየሟ ዝቅ ካለ በሐኪም መጠን ትሞላ፣ የግፊት መድኃኒቷና ኦሜፕራዞሉ ይከለስ። የደም ቅባቱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም፤ ከዚያ በፊት ቢደገም የምግቡ ለውጥ ሙሉ ሆኖ ላይታይ ይችላል።

ቀይ ክዳን

ድጋሚ ምርመራው እዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው አሃድ፣ ሳይበላ ይሁን። ማግኒዚየም እየወሰደች ከሆነ ደሙ የጠዋቱን ከመዋጧ በፊት ይቀዳ። የታዘዘበት ወረቀት ላይም «ኦሜፕራዞል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ» ተብሎ ቢጻፍልን፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ናሙናው ተበላሽቶ ነው ብለን ወደ ጎን አንተወውም።